ሐሪ ሪካርዶና የሞተር ማንኳኳት ምሥጢር

ጭነት የበዛበት መኪና አቀበት ሲወጣ፣ ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን አጥብቆ በረገጠው ጊዜ ከሞተሩ ውስጥ፣ በጣሳ ውስጥ እንደሚንኳኳ ጠጠር ያለ ደረቅ ድምፅ ይሰማል። ሾፌሮችም መካኒኮችም ይህን ድምፅ ማንኳኳት ይሉታል። ድምፁን ለማጥፋት ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፤ መካኒኩ ደግሞ ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበትን ጊዜ ጥቂት ያዘገያል። ሁለቱም የሚያደርጉት ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የድምፁን ምንጭ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን ጥያቄ የሕይወቱ ዋና ሥራ አድርገው ከያዙት ጥቂት ሰዎች መካከል ከፍተኛውን ስፍራ የሚይዘው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሐሪ ሪካርዶ ነው።

ጥያቄው ከድምፅ ያለፈ ነበር። በቤንዚን የሚሠራ ሞተር የነዳጁንና የአየሩን ድብልቅ ከማቃጠሉ በፊት አጥብቆ ባመቀው መጠን፣ ከዚያው ነዳጅ የሚያገኘው ጉልበት ይጨምራል። ነገር ግን እመቃው ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ቸል ከተባለም ፒስተኑ እስከ መበሳት ይደርሳል። ስለዚህ የማንኳኳትን ምክንያት አለማወቅ ማለት፣ ከእያንዳንዱ በርሜል ነዳጅ ሊገኝ ይችል ከነበረው ጉልበት ከፊሉን በከንቱ ማባከን ማለት ነበር።

ሪካርዶ በለንደን ከተማ ጥር 26 ቀን 1885 ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ሃልሲ ሪካርዶ አርክቴክት ሲሆን፣ የቤተሰቡ የዘር ሐረግ ከፖርቱጋል ከወጡ አይሁዳውያን የሚመዘዝና ከታወቀው የኢኮኖሚ ሊቅ ከዴቪድ ሪካርዶ ጋር የሚዛመድ ነበር። እናቱ የሲቪል መሐንዲሱ የሰር አሌክሳንደር ሬንደል ልጅ ነበረች። እኒህ አያቱ በሕንድ አገር የባቡር ሐዲድና የድልድይ ሥራዎች አማካሪ በመሆን ስማቸው የገነነ ሰው ነበሩ። በ1898 አያቱ አውቶሞቢል በገዙ ጊዜ ሐሪ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር አውቶሞቢልን በቅርብ ያየ ልጅ እጅግ ጥቂት ስለነበረ፣ ይህ አጋጣሚ በልቡ የቀረጸው ፍላጎት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልተለየውም።

በራግቢ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በ1903 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የምሕንድስና ትምህርቱን ጀመረ። በማግሥቱ ዓመት የዩኒቨርሲቲው የአውቶሞቢል ክበብ አንድ ለየት ያለ ውድድር አዘጋጀ። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ከአንድ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ቤንዚን ተሰፍሮ ይሰጠዋል፤ አሸናፊው ቀድሞ የደረሰው ሳይሆን በዚያች ነዳጅ ርቆ የሄደው ነው። ሪካርዶ የቀረበው ራሱ በሠራው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ብስክሌት ሲሆን፣ ሞተሩ ለውድድሩ ከቀረቡት ሁሉ የከበደ ነበር። ሆኖም 64 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አሸነፈ።

ይህ ድል የዩኒቨርሲቲውን ፕሮፌሰር የበርትራም ሆፕኪንሰንን ዓይን ሳበ። ሆፕኪንሰን በዚያ ዘመን በሲሊንደር ውስጥ የሚነሣውን ግፊት በመስተዋትና በብርሃን ጨረር አማካይነት የሚመዘግብ መሣሪያ አዘጋጅቶ፣ የጋዝ ፍንዳታን ጠባይ ይመረምር ነበር። ወጣቱን ሪካርዶን ወደ ምርምሩ አስገባው። ሪካርዶ በ1906 ከተመረቀ በኋላም ለተጨማሪ አንድ ዓመት በካምብሪጅ ቆይቶ አብሮት ሠራ። ከመምህሩ የቀሰመው ታላቅ ትምህርት ሞተርን ከውጭ በድምፁና በጢሱ ብቻ ከመገመት ይልቅ፣ በውስጡ የሚካሄደውን ነገር መለካት እንደሚገባ ነው።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰዎች ማንኳኳትን ያለ ጊዜው ከሚነሣ እሳት ጋር አንድ አድርገው ይመለከቱት ነበር። ይኸውም በሲሊንደሩ ውስጥ የጋለ ነገር፣ ለምሳሌ የካንዴላ ጫፍ ወይም የተጠራቀመ ጥላሸት፣ ካንዴላው ብልጭታ ከመስጠቱ በፊት ድብልቁን ያቀጣጥለዋል የሚል ነበር። ሪካርዶ ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ መሆናቸውን ለየ። በማንኳኳት ጊዜ እሳቱ የሚነሣው በጊዜው ነው። ነበልባሉ ከካንዴላው ተነሥቶ በክፍሉ ውስጥ ሲስፋፋ፣ በፊቱ ያለውን ገና ያልተቃጠለ ድብልቅ እያመቀና እያጋለ ይገፋዋል። በመጨረሻ ጥግ ላይ የቀረው ድብልቅ ነበልባሉ ሳይደርስበት ከመቀጣጠያው ሙቀት ከደረሰ፣ ሁሉም በአንድ ቅጽበት በራሱ ይነድዳል። በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው የግፊት ማዕበል የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ደወል ይመታዋል። ጆሮ የሚሰማው ይህንን ነው። የማንኳኳቱ ሙቀት ውሎ አድሮ ያለ ጊዜው የሚነሣ እሳትን ሊያስከትል ይችላል፤ ነገር ግን አንዱ ለሌላው መነሻ ሊሆን መቻሉ ሁለቱን አንድ አያደርጋቸውም። በሽታው በትክክል ከታወቀ በኋላ መድኃኒት ለመፈለግ መንገዱ ተከፈተ።

የሪካርዶ የመጀመሪያ የንግድ ሙከራ ግን አልተሳካም። ባለ ሁለት ምት ሞተር ነድፎ፣ ዶልፊን የተባለው መኪና በዘመዱ በራልፍ ሪካርዶ ኩባንያ በሾራም ከተማ ተሠራበት። መኪናው በጥራት የተሠራ ነበር፤ ዳሩ ግን የማምረቻው ወጪ ከመሸጫው ዋጋ በለጠና ድርጅቱ ተዘጋ። ሪካርዶም በአያቱ የማማከር ድርጅት ውስጥ እየሠራ፣ የሞተር ጥናቱን በትርፍ ጊዜው ቀጠለ። በ1911 የሥነ ጥበብ ተማሪ የነበረችውን ቢያትሪስ ሄልን አግብቶ ሦስት ሴቶች ልጆችን አፈራ። በ1915 የራሱን ኩባንያ አቋቋመ።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሪካርዶን ከባድ ፈተና ላይ ጣለው። የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ታንኮች የሚሠሩት 105 የፈረስ ጉልበት ባለው የዳይምለር ሞተር ነበር። ታንኩ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሲያዘነብል ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ ከዚያም ሞተሩ ወፍራም ሰማያዊ ጢስ ይተፋል። ያ ጢስ ታንኩ የተሸሸገበትን ቦታ ለጠላት መድፍ የሚጠቁም ምልክት ሆነ። ስለዚህ ጉዳዩ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነበር። ሪካርዶ ጢስ የማያወጣና 150 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ አዲስ ሞተር እንዲነድፍ ታዘዘ። አሉሚኒየምና ጥሩ ቤንዚን ለአውሮፕላን የተያዙ በመሆናቸው፣ ሞተሩ ከብረት እንዲሠራና በተናቀው ነዳጅ እንዲነሣ ግድ ነበር።

መፍትሔውም በእንፋሎት ሞተሮች ዘንድ የቆየ ሐሳብ ነበር። ፒስተኑን ከበታቹ ካለ ሌላ ተንሸራታች ክፍል ጋር አገናኘው፤ ቢየላው ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይል ይህ ተንሸራታች ስለሚቀበለው ፒስተኑ በዘይት መነከር አላስፈለገውም። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየርም አስቀድሞ በተንሸራታቹ ዙሪያና በፒስተኑ ሥር እንዲያልፍ በማድረግ እግረ መንገዱን እንዲያቀዘቅዛቸው አደረገ። ሞተሩ እንደተፈለገው ያለ ጢስ ሠራ። ማርክ 5 የተባለው ታንክ በዚህ ሞተርና በአዲስ የማርሽ ሥርዓት በመታገዙ፣ ቀድሞ አራት ሰዎች ይተባበሩበት የነበረውን የመንዳት ሥራ አንድ ሾፌር ለመወጣት ቻለ። ታንኩ በ1918 ሐምሌ በሐሜል፣ በነሐሴ ደግሞ በአምየን ጦርነት ተሰለፈ። ሞተሩ ከታንክ ሌላ ለጦር ሠራዊቱ ጥገና ቤቶችና ሆስፒታሎች የኤሌክትሪክ ኃይል እስከ መስጠት ደርሷል። በታንኩ ውስጥ ያለው አየር ግን እጅግ የሞቀና በጋዝ የተመረዘ ስለነበር፣ ከጠላት ጥይት የዳኑ ወታደሮች ጭምር በጋዙ ራሳቸውን ይስቱ ነበር። ከሞተሩ ጋር አብሮ ሊታሰብ የሚገባው የአየር ማናፈሻ በበቂ አልታሰበበትም። በዚያው ነሐሴ ወር መምህሩ ሆፕኪንሰን ራሱ በሚያበረው አውሮፕላን በደረሰ አደጋ ሞተ።

ከጦርነቱ በኋላ ሪካርዶ በሾራም የምርምር ጣቢያውን ከፈተ። በዚህ ወቅት የሼል ነዳጅ ኩባንያ የቤንዚኖችን ጠባይ እንዲያጠና ውል ሰጠው። ለዚህ ሥራ የነደፈው ኢ 35 የተባለው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ለሙያው ታሪክ ታላቅ እርምጃ ነበር። ሲሊንደሩና ቴስታታው በአንድነት ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሱ ስለነበር፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ የእመቃውን መጠን መለወጥ ተቻለ። መርማሪው ነዳጁን፣ ሙቀቱን፣ ፍጥነቱንና የድብልቁን መጠን ባሉበት አጽንቶ፣ እመቃውን ብቻ ማንኳኳት እስኪጀምር ድረስ ከፍ ያደርጋል። የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ በመሆኑ የሚገኘው መልስ አያጠራጥርም።

በዚህ መንገድ ሪካርዶ የነዳጆችን ማንኳኳትን የመቋቋም ችሎታ በቁጥር ለመግለጥ ቻለ። መለኪያው በቶሉይን ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ይህ ዘዴ በ1920ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ለተዘጋጀውና እስከ ዛሬ ለሚሠራበት የኦክቴን ቁጥር ቀዳሚ ሆኗል። ከጥናቱ ውጤቶች አንዱ ሼልን ራሱን አስደነቀ። በዚያ ዘመን ቤንዚን የሚመዘነው በክብደቱ ሲሆን፣ ቀላሉ ጥሩ፣ ከባዱ መጥፎ ይባል ነበር። ከቦርንዮ የሚገኘው ቤንዚን ከባድ በመሆኑ የማይረባ ተብሎ እዚያው በጫካ ውስጥ ይቃጠል ነበር። የሪካርዶ ሞተር ግን ይኸው የተናቀ ቤንዚን፣ በውስጡ ቶሉይንን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ስለበዙበት፣ ማንኳኳትን ከሌሎቹ አብልጦ እንደሚቋቋም አሳየ። ለብዙ ዘመን የታመነበት ሚዛን ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው መድኃኒት ከነዳጁ ሳይሆን ከክፍሉ ቅርጽ የሚገኝ ነበር። ነበልባሉ የሚጓዘው መንገድ ካጠረና ፍጥነቱ ከጨመረ፣ በጥግ የቀረው ድብልቅ በራሱ ለመንደድ ጊዜ አያገኝም። የነበልባል ፍጥነት ደግሞ ድብልቁ በተናወጠ መጠን ይጨምራል። ሪካርዶ ቫልቮቻቸው በጎን ለሆኑ ርካሽ ሞተሮች አዲስ ቴስታታ ነደፈ። የቃጠሎው ክፍል በቫልቮቹ በኩል ተሰብስቦ፣ ከፒስተኑ በላይ ያለው የቴስታታ ክፍል እስከ ፒስተኑ ዝቅ እንዲል አደረገ። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲደርስ በመካከል የተያዘው ድብልቅ እየተጨመቀ በኃይል ወደ ክፍሉ ይወረወራል፤ በዚህም ይናወጣል። በጠባቡ ስፍራ የሚቀረው ጥቂት ድብልቅም በሁለት ወገን በብረት ስለሚቀዘቅዝ አይነድድም። በዚህ ዘዴ ርካሹ ሞተር ውድ ከሆነው ጋር የሚቀራረብ ጉልበት ሰጠ።

ሪካርዶ እውቀቱን በውድድር ሜዳም ፈተነ። ለትራያምፍ ኩባንያ በነደፈው ባለ አራት ቫልቭ ሞተር ብስክሌት በ1922 በማን ደሴት ውድድር ዋልተር ብራንዲሽ ሁለተኛ ሆኖ ገባ። በዚያው ዓመት ለቮክስሆል የነደፈው የ3 ሊትር መኪናም በማን ደሴት የመኪና ውድድር ሦስተኛ ሆነ። ይህ መኪና ኋላ በሬይመንድ ሜይስ እጅ ገብቶ፣ የአየር መጭመቂያ ተጨምሮለት፣ ቮክስሆል ቪሊየርስ በሚል ስም እንደ ሼልስሊ ዎልሽ ባሉ አጫጭር የአቀበት ውድድሮች ላይ ለብዙ ዓመታት ተወዳድሯል።

የአጭር ርቀት ውድድር የሪካርዶን ዘዴ ጥቅም ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳይ ነው። በአሜሪካ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በተደራጀ መልክ የተስፋፋው ድራግ ሬስ የሚባለው ውድድር የሚካሄደው በቀጥተኛ መንገድ ላይ ሲሆን፣ የተለመደው ርቀት ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ነው። ከውድድሩ ዓይነቶች በአንዱ ተወዳዳሪው መኪናው ርቀቱን የሚጨርስበትን ጊዜ አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ዘገምተኛው መኪና በልዩነቱ መጠን ቀድሞ ይነሣል። ካስታወቀው ጊዜ ያነሰ ጊዜ የወሰደ ተወዳዳሪ ከመጠን በላይ ፈጥኗልና ይሸነፋል። በዚህ ውድድር የሞተር አስተካካይ ተግባር ከፍተኛ ጉልበት ማውጣት ሳይሆን፣ ዛሬ የተገኘው ጉልበት ነገም ያለ ልዩነት እንዲገኝ ማድረግ ነው።

ለዚህም የሚያስፈልገው ሪካርዶ በኢ 35 ላይ የተከተለው ሥርዓት ነው። አየሩ ሲሞቅ ስለሚሳሳ በካርቡራተር በሚሠራ ሞተር ውስጥ ነዳጁ ከአየሩ ይበዛል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ያንሳል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በምትገኘው በአዲስ አበባ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ለዝቅተኛ ስፍራ የተስተካከለ ካርቡራተር ነዳጅ የሚያበዛው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ አስተካካዩ የአየሩን ሙቀትና ግፊት ይመዘግባል፤ የሞተሩ ውኃ ከእያንዳንዱ ሩጫ በፊት እኩል ሙቀት ላይ መድረሱን ያረጋግጣል፤ ነዳጁን ከአንድ በርሜል ብቻ ይቀዳል። የካንዴላውን ብልጭታም ከማንኳኳት ወሰን ጥቂት ዲግሪ አዘግይቶ ያቆየዋል፤ ምክንያቱም በወሰኑ ጫፍ ላይ የቆመ ሞተር በትንሽ የአየር ለውጥ ይናጋል። ከሁሉም በላይ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይለውጥም። ሁለት ነገር ባንድነት ለውጦ ጊዜው የተሻሻለለት ሰው ደስ ሊለው ይችላል፤ ምን እንዳሻሻለው ግን አያውቅም፤ ስለዚህም ሊደግመው አይችልም።

ሪካርዶ በሾራም ሲደክም፣ በአሜሪካ ቶማስ ሚድግሊ ሌላ መንገድ አገኘ። በ1921 መጨረሻ ላይ ጥቂት የእርሳስ ውሁድ በቤንዚን ውስጥ ሲጨመር ማንኳኳት እንደሚጠፋ ተረጋገጠ። መድኃኒቱ ርካሽና ፈጣን ስለነበር በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። ይሁን እንጂ እርሳስ መርዝ ነው፤ ከጭስ ማውጫ እየወጣ በከተሞች አየር ውስጥ በመበተን በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ጎዳ። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን ከዓለም ገበያ ጨርሶ የጠፋው አልጄሪያ በ2021 ሽያጩን ባቆመች ጊዜ ነው። አንድ መቶ ዓመት ያህል መሆኑ ነው። እርሳሱ ሲወጣ ማንኳኳትን የመከላከሉ ሥራ ተመልሶ የወደቀው ሪካርዶ ባጠናቸው መንገዶች፣ ይኸውም በነዳጁ ተፈጥሮና በቃጠሎው ክፍል ቅርጽ ላይ ነው።

በናፍጣ ሞተር ረገድም የሪካርዶ አስተዋፅኦ ከፍ ያለ ነው። በ1931 ኮሜት የተባለውን የቃጠሎ ክፍል ለለንደን አውቶቡሶች ሞተር አዘጋጀ። በዚህ ዘዴ አየሩ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ወደ ትንሽ ክብ ክፍል በመግባት በኃይል ይሽከረከራል፤ የሚረጨውም ናፍጣ ፈጥኖ ይደባለቅና በንጽሕና ይቃጠላል። ትናንሽ ፈጣን የናፍጣ መኪናዎች ለመሠራት የበቁት በዚህና ይህን በመሳሰሉ ዘዴዎች ነው።

ሁሉም ጥረቱ ዘላቂ ሆነ ማለት ግን አይደለም። በተለመደው ቫልቭ ፋንታ በፒስተኑ ዙሪያ የሚንቀሳቀስ እጅጌ መሰል ቱቦን ለብዙ ዓመታት ደገፈ። የጋለው የጭስ ማውጫ ቫልቭ ለማንኳኳት ምክንያት ስለሚሆን፣ ቫልቩን ጨርሶ ማስወገድ ትክክለኛ አስተሳሰብ ነበር። ብሪስቶል ሄርኩሊስና ኔፒየር ሴበር የተባሉት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ሞተሮችም በዚሁ መንገድ ተሠሩ። ዳሩ ግን ማንኳኳትን በእጅጉ የሚቋቋም ነዳጅ ሲገኝ፣ ቫልቮችም በውስጣቸው በሚያዝ ሶድየም መቀዝቀዝ ሲጀምሩ፣ የቱቦው ብልጫ ቀነሰ። የጄት ሞተር መምጣትም ነገሩን ደመደመው።

ሪካርዶ በ1929 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል፣ በ1944 የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1948 የሰርነት ማዕረግ ተሰጠው። በ1923 ስለ ፈጣን ሞተሮች ያሳተመው መጽሐፍ በየጊዜው እየታደሰ ለብዙ ትውልድ መሐንዲሶች መማሪያ ሆኗል። ከኩባንያው ሥራ በ1964 ተሰናብቶ፣ በ1968 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። በ1974 ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላም ግንቦት 18 ቀን በ89 ዓመቱ ዐረፈ።

ሪካርዶ ትቶት ከሄደው ሁሉ በአንድ ኩባንያ ወይም በአንድ ዘመን የማይወሰነው የአሠራር ሥርዓቱ ነው። በዛሬዎቹ መኪናዎች የሞተር ግንድ ላይ ድምፅ የሚያዳምጥ ትንሽ መሣሪያ ተገጥሟል። ማንኳኳት በተሰማ ጊዜ ኮምፒዩተሩ የካንዴላውን ብልጭታ ያዘገያል፤ ድምፁ ሲጠፋ ደግሞ ጥቂት በጥቂት ይመልሰዋል። ሾፌሩ ምንም አይሰማም። በአውደ ጥናት ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ ግን፣ ሞተሩ ጉልበት በቀነሰ ጊዜ ኮምፒዩተሩ ያዘገየውን ብልጭታ አይቶ ምክንያቱ ነዳጁ፣ ሙቀቱ ወይም ጥላሸቱ መሆኑን ለመለየት የሚያደርገው ምርመራ፣ ሌላውን ሁሉ ባለበት አጽንቶ አንዱን ብቻ እየለወጠ የሚሄድበት ያው የሾራም ምርመራ ነው።